ሦስተኛ ማርሽ፣ ያለ ልምምጥ

መካኒኩ መጀመሪያ የማርሹን እጀታ በሁለት ጣቱ ይዞ ወዘወዘው። እንደ ልጅ ጥርስ ተነቃነቀ። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ በብረት ደግፎ፣ ከሥሯ ገባ። ከእጀታው እስከ ካምቢዮው የሚደርሰውን ዘንግ ፒኑን መትቶ ፈታና ብርሃን ላይ አወጣው። ዘንጉ ደህና ነው። መገጣጠሚያው ላይ ያለው ቡሽንግ የሚሉት ቀለበት ግን ክብ ሆኖ ተወልዶ እንቁላል ሆኖ አርጅቷል፤ ፒኑም ወገቡ ተበልቶ ቀጥኗል። ለካ፤ ጠረገና እንደገና ለካ። በብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ነሐስ አስሮ አዲስ ቡሽንግ ቀረጸ፣ ከጠንካራ ብረት ፒን አወጣለት፣ በሞርሳ ጨምቆ አስገባ፣ ግራሶ ቀባ፣ ገጠመና እጀታውን ወዘወዘው። ጭጭ።

«አሁን ሰው ሆነች» አለ።

የሠፈሩ ሾፌሮች ይህን መካኒክ «ሚሊ» ይሉታል። «ትንሽ ላላች» ብሎ የመጣውን ሁሉ «ስንት ሚሊ?» ብሎ ያፋጥጣልና። ሚስቱ «ትንሽ ከፍቶኛል» ባለችው ዕለትም ይህንኑ ጠይቆ ሶፋ ላይ አድሯል።

መኪናዋ ቀይ፣ ባለሁለት ወንበር፣ ዝናብ የምታስገባ የድሮ የውድድር መኪና ናት። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሹም ሲሆኑ፣ ኮፍያና የቆዳ ጓንት ሳያደርጉ ቁልፍ አያዞሩም። ክብራቸው ያለው ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበር። እጀታውን ወደ ግራ አባብለው፣ ትንፋሽ ይዘው፣ «ነይ እቴ!» ብለው በክርናቸው ካልደቆሱት አይገባም። «ይህች መኪና ሰው ታውቃለች» ይላሉ። በዚህ የተነሳ ሚስታቸው መንጃ ፈቃዳቸውን ቦርሳ ውስጥ ይዘው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው፣ በአውቶቡስ ሲጋፉ ኖረዋል።

ሰውዬው ወደ ጋራዥ የመጡትም ወደው አይደለም። መብራት ላይ ወደፊት ሊሄዱ አስበው ወደኋላ ሄደው የዳቦ መኪና ስለሳሙ ነው።

መኪናዋን በወሰዱ በሳምንቱ በእግራቸው ተመልሰው መጡ። ሚሊ «ደህናውን ዕቃ ቀየረብኝ» እንዳይባል የፈታውን ሁሉ ለባለቤቱ ጠቅልሎ ይሰጣል። ያችው ጥቅልል እጃቸው ላይ ናት።

«አሮጌዋን መልስልኝ።»

«አዲሷ ምን አጎደለች፣ ጋሼ?»

«ምንም አላጎደለችም! ችግሩ እሱ ነው። ባለቤቴ ቁልፉን አንስታ ገበያ ነድታት ሄደች። ሦስተኛውን እንዴት አስገባሽው ብላት ‹ገፋሁት፣ ገባ› አትለኝም? ዕድሜ ልኬን የለፋሁበትን! ገፋሁት፣ ገባ!»

ሚሊ ሳቁን በእጅ መጥረጊያው ጨርቅ አፈነ። «ነገ ደግሞ የማንን መኪና ሊስሙ ነው?»

«እንግዲያው ትንሽ አላላልኝ።»

«ስንት ሚሊ?» ልማድ ነው፤ አመለጠው።

ጋሼ አሰቡ። ጣታቸውን አቀራርበው ለኩ፤ አራራቁ። «እሷን… ወደ አውቶቡስ የሚመልስ ያህል።»

ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ጋራዡ መሐል ቆመ። ራሳቸውም ሰሙት። ጥቅልሏን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ውጭ ጥሩምባ ጮኸ። እትዬ ናቸው፤ የባላቸውን ጓንት አድርገዋል።

«አንተ ሰው፣ እግርህን ምን አስቸኮለው? ግባ፣ ላድርስህ። ሚሊዬ፣ እጅህ ይባረክ!»

ጋሼ ገቡ። ጉልበታቸው አገጫቸውን ነካ። «በግራ አባብያት… ትንፋሽሽን ያዢ…» ሲሉ ተሰማ፤ መኪናዋ ግን ሦስተኛ ላይ ሆና ኩርባውን ታጥፋለች።

እናም ሚሊ እናንተን አንድ ነገር ይለምናል። «ቀይ መኪና ውስጥ ጉልበታቸውን ያቀፉ፣ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት ካያችሁ፣ መብራት ላይ ጠጋ ብላችሁ ‹ጋሼ፣ ሦስተኛዋ እንዴት ነው የምትገባው?› በሉልኝ። ያችን ዕቃ፣ ክብራቸውን ማለቴ ነው፣ እኔ ከነሐስ ልቀርጻት አልቻልኩም። ጠይቋቸው እንጂ ያሏችሁን እንዳትሞክሩ ብቻ፤ ቡሽንጌን ትበሉብኛላችሁ።»