አምባሳደሩ እናቴን ለማኝ ያለበት ስንብት

ከቅዳሴ ወጥተን በአዳራሹ ጸበል ጻዲቅ እየቀመስን ነበር። አንዲት እህት ስልኳን አቀብላኝ፣ «የናንተን አገር አንስቶታል፤ እንዳትናደጂ ብቻ» አለችኝ። ጡረታ የወጣ የውጭ አገር አምባሳደር ለመሥሪያ ቤቱ የጻፈው የስንብት መልእክት ነው። ተተርጉሞ በየስልኩ ገብቷል፤ ግልጽነቱም ይወደስለታል። አለቆቹን ሲሸነቁጥ እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ ላሊበላ ደረሰ። «ያስተናገዱን ቄስ ሚስት እንኳ እጇን ዘርግታ መኪናችንን ተከትላ ሮጠች፤ ብር ስሰጣት ሳመችው። ክብር የሚባል ነገር እዚያ አገር እንዳለቀ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው» ይላል።

ያቺ ሴት እናቴ ናት።

እኔም እዚያው ነበርሁ፤ እጁን ያስታጠብሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ማዕድ ላይ ጉልበቱን እንደሚያመው ተናግሮ ነበር። ከአሸተን ማርያም የመጣ እምነት፣ ያ የተባረከ አፈር፣ ሳይሰጠው ከእኛ ቤት የሚሸኝ መንገደኛ የለም። እናቴ ትዝ ያላት መኪናው ሲነሣ ነው። በጨርቅ ቋጥራ፣ «እምነት ነው፣ ለጉልበትዎ» እያለች ሮጠች። እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ብር አስያዛትና ሄደ። ለማርያም የተሳለ መሰላት። የስለት ብር ሳይሳለሙት ይቀበሉታል? በማግሥቱ የአሸተንን ዳገት ወጥታ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከተተችው። ከመውጣቷ በፊትም አባቴን፣ «የክርስትና ስሙን ማን ልበል?» አለቻቸው።

«ጉልበቱን የሚያመው እንግዳ በይ፤ እሷ ታውቀዋለች» አሏት።

እሱ ስም አልጠራም ይሉኛል። አምባሳደር የተስተናገደበት የቄስ ቤት በእኛ ሰፈር ስንት ነው? ባለፈው እናቴ ጋሸና ላይ ሚኒባስ ስትሳፈር ረዳቱ፣ «እማማ፣ ዛሬ አምባሳደር አልጫንንም» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀባት። ስደውልላት፣ «እንግዳ መሸኘት ትቻለሁ» አለችኝ። «እጄን ብዘረጋ ምን ይሉኛል?»

«ሰው እውነቱን ያውቃል፣ እማ።»

«ማን ነግሮት?»

ሰው ሲሰናበት የሆዱን ተናግሮ ይሂድ፤ አልከለክልም። ጠይቆ ያልተረዳውን ግን ሐቅ አይበለው። አስተርጓሚ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ብር ለማውጣት ያገኘውን ጊዜ «ምን ይዘሻል?» ለማለት አጣው።

አባቴ አርፈዋል። እኔ ልጇ ነኝ፤ ለእናቷ ታደላለች ይሉኛል። መኪናውን የነዳኸው ወንድሜ፣ አንተም አስተርጓሚው፣ በሕይወት ካላችሁ አምባሳደሩን ተዉት። አንድ እሑድ ብቻ አሸተን ውጡና፣ ከቅዳሴ በኋላ በምእመኑ ፊት፣ እሷም ቆማ እየሰማች፣ በእጇ ይዛው የነበረውን ተናገሩላት።