የከዚራው ባለ ጋዜጣ

በደርግ ጊዜ ነው። ድሬ ዳዋ ሆኜ ንግድ ሥራ ኮሌጅ ለመግባት አመልክቼ፣ የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ። የቀረኝ አመልካቾች አስቀድሞ በተነገራቸው ርዕስ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲወያዩ መምህራን የሚመዝኑበት ፈተና ነበር። እኔና አብራኝ ያመለከተችው ጓደኛዬ ዘይነባ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከዚራ ሰፈር አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ «የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ እንዴት ያጥራል?» እያልን ለልምምድ እንከራከራለን።

ችግሩ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ነው። ሁልጊዜ አጠገባችን ካለው አግዳሚ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ገጹን ግን ገልጦ አያውቅም። ካድሬ ነው ብለን ደመደምን። ጠጋ ባለ ቁጥር ዘይነባ በክርኗ ትጎሽመኛለች፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሰፊው ሕዝብ በተባበረ ክንዱ…» እላለሁ።

የፈተናው ቀን ኮሌጁ ድረስ ተጉዤ ስገባ ሰውየው ጠረጴዛው ጋ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሊመዝነን የመጣ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁት። ለካ እሱም አመልካች ነው! «ጀምሩ» ሲባል ቀድሞኝ እጁን አወጣና እኔ ለመክፈቻ ያዘጋጀሁትን ንግግር፣ ከነምሳሌው፣ አንድ ቃል ሳያስቀር አወረደው። ተናድጄ እሱን ስቃወም፣ ማለትም ራሴን ስቃወም፣ ፍርሃቴ ሁሉ ጠፋ።

ሦስታችንም ማለፋችን የተለጠፈ ዕለት ኮሌጁ በር ላይ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ያን ሁሉ ቀን ተደብቀህ ከምታዳምጠን ለምን አብረኸን አልተለማመድክም?» አልኩት።

«ወላሂ ልጠይቃችሁ ፈልጌ ነበር አቦ!» አለኝ እየሳቀ። «ግን ጠጋ ባልኩ ቁጥር ሰፊው ሕዝብ ስትሉ ጊዜ፣ ካድሬዎች መስላችሁኝ ፈራሁ።»