አዋላጇ የሠሩት በር

ሰፈሩ ውስጥ ከሚሯሯጡት ልጆች ግማሽ ያህሉን ተቀብለው ወደዚህ ዓለም ያስገቧቸው እትዬ አዋላጅ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚጠራቸው የለም፤ ባለቤታቸው ልብስ ሰፊው እንኳ ትዝ የሚላቸው ሲናደዱ ብቻ ነው። ጡረታ በወጡ ሰሞን፣ ዕድሜ ልኩን ሥራ ያልፈታው እጃቸው አርፎ መቀመጥ እምቢ አለ። ጥልፍ ሞከሩ፣ ሰለቻቸው። አበባ ተከሉ፤ አበባ ግን በገዛ ጊዜው ነው የሚወጣው፣ "ግፊ!" ቢሉት አይሰማ። አንድ ቀን ከገበያ መጋዝ፣ መዶሻና መላጊያ ተሸክመው መጡ።

"ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?" አሉ ልብስ ሰፊው፣ መርፌውን ከአፋቸው ሳያወጡ።

"አናጢ።"

"በዚህ ዕድሜ?"

"ታዲያ በየትኛው ላድርገው? ያለፈውን መልሼ ላምጣ?"

የመጀመሪያ ሥራቸው የሳህን መደርደሪያ ነበር፤ ሳህኖቹን እንደያዘ ከግድግዳው ተገንጥሎ ወረደ። ቀጥሎ በርጩማ ሠሩ። በርጩማው ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ለተቀመጠበት ሰው ምንም አይለውም፤ ወደ ቀኝ ላለ ግን ምሕረት የለውም። እሳቸው ግን ተስፋ የሚቆርጡ ዓይነት አልነበሩም። ጣውላ ሲልጉ "አይዞሽ የኔ እናት፣ ትንሽ ነው የቀረሽ" ይላሉ። ምስማር ከተጣመመባቸው ደግሞ "ይሄስ በእግሩ ነው የመጣው" ብለው በጉጠት ያወጡትና እንደገና ይጀምራሉ። እያደር እጃቸው ተፍታታ። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ቆመ፤ የሚያስፈራ ነገርም አልነበረበትም።

የኩራታቸው ኩራት ግን የዕቃ ማስቀመጫዋ በር ነበር። ግቢው ጥግ ላይ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል በር አልነበራትም። እትዬ አዋላጅ ከወፍራም ጣውላ በር ሠሩላት፤ በውጭ በኩል ደግሞ በሩ ሲገጥም በራሱ ክብደት ወርዶ የሚዘጋ የእንጨት መቀርቀሪያ አበጁለት።

"ሁለቱም እጄ ዕቃ ሲይዝ በተረከዜ ገፋ አደርገዋለሁ፤ ቀጭ! አለቀ" እያሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ። ውስጥ የቀረ ሰው በምን እንደሚከፍተው የጠየቃቸው አልነበረም።

እንግዲህ እትዬ አዋላጅ ሹፌር ታናሽ ወንድም አላቸው። እሱና ልብስ ሰፊው ከሠርጉ ቀን ወዲህ ዓይንና ናጫ ናቸው። ልብስ ሰፊው ለሠርጉ ሙሉ ልብስ ሰፍተውለት፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀረ። ሙሽራው በሰው ፊት "ወንዝ ሊያሻግሩኝ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀባቸው። እሳቸውም "እግሩ ነው የረዘመ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እህቱን ሊጠይቅ እሁድ እሁድ ይመጣል፤ አንድ ገበታ ይቀርባሉ፤ ንግግሩ ግን በእትዬ አዋላጅ በኩል ነው።

"እታለም፣ ለጋሼ ጨው እንዲያቀብሉኝ ንገሪልኝ።"

"ጨው ከፊቱ ነው በይው።"

በአንዱ እሁድ እትዬ አዋላጅ ከዕቃ ማስቀመጫው ረጅሙን ጣውላ እንዲያወጣላቸው ወንድማቸውን ላኩት። ብቻውን አልቻለውም። "ሂድና በዚያኛው ጫፍ ያዝለት" ብለው ባላቸውንም ሰደዱ። ልብስ ሰፊው እያጉረመረሙ እንደገቡ ንፋስ በሩን ገፋው። ቀጭ!

ወዲያው አንዲት ጎረቤት እያለከለከች የግቢውን በር በረገደችው። "እትዬ አዋላጅ፣ ይድረሱልን! ልጄን ምጥ ጠናባት፣ አምቡላንሱም አልመጣ!" እትዬ አዋላጅ መላጊያቸውን ጥለው ሮጡ። "ክፈቱልን!" የሚለውን ጩኸት የሚሰማ ጆሮ ግቢው ውስጥ አልቀረም።

ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ በሩን ደበደቡ፣ ከዚያ ጀርባ ተሰጣጡ። መልእክት አቀባይ በሌለበት ምን ይባላል? ቆርቆሮው ከላይ ፀሐይ እየጠጣ ይጋግራቸው ጀመር። ልብስ ሰፊው ጨለም ካለው ጥግ ያገኙት በርጩማ ላይ ኮራ ብለው ወደ ቀኝ ተቀመጡ። በርጩማው ገለበጣቸውና ሰጋቱራ ውስጥ ሰመጡ።

"ወደ ግራ ነው እኮ ጋሼ!" ብሎ ሹፌሩ ሳቁ አመለጠው፤ እየሳቀም ክንዳቸውን ይዞ አነሳቸው።

ልብስ ሰፊው ሰጋቱራውን ከፂማቸው እያራገፉ "ሱሪው አጥሮ ነበር" አሉ።

"ምን አሉ?"

"አጥሮ ነበር አልኩህ፤ አታስደግመኝ። ዓይኔ ነው። የሜትሩ ቁጥር አልታይ ብሎኝ በግምት ቆረጥኩት። መነጽር ባደርግ ደንበኛው ሁሉ ታወረ ብሎ ይሸሸኛል ብዬ ፈራሁ።"

ሹፌሩ አንገቱን አከከ። "እውነቱን ልንገርዎት? ሚስቴ ያንን ፎቶ ሳሎን ሰቅላዋለች። ካልሲዎቹን የመረጠችልኝ እሷ ናት፤ ሱሪው ባያጥር ኖሮ ማን ያይልኝ ነበር ትላለች።"

ልብስ ሰፊው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

የበሩ ማጠፊያ በውስጥ በኩል ነበርና ካቻቢቴ ፈልገው መፍታት ያዙ። ካቻቢቴውን ልብስ ሰፊው ጨበጡ፤ ሹፌሩ በሩን በትከሻው ደግፎ መኪና ወደኋላ እንደሚያስነዳ ሰው "ቀኝ! ትንሽ ቀኝ! ይመለሱ! አሁን ይቁሙ!" ይላል። የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ በሩ መቀርቀሪያውን ገንጥሎ ወደ ውጭ ተገነደሰ፤ ሁለቱም ከነካቻቢቴው ላዩ ላይ ተዘረሩ።

እትዬ አዋላጅ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ፣ ፊታቸው በርቶ የገቡት ይሄኔ ነው። "ሴት ናት! ድምጿ ሰፈሩን..." ብለው ሳይጨርሱ ዓይናቸው መሬት ላይ ዐረፈ። "በሬን ምን አደረጋችሁብኝ?"

"ቆልፈሽብን ሄደሽ እኮ ነው እታለም!"

እሳቸውም እንደለመዱት ወደ ባላቸው ዞሩ። "ቆልፈሽብን ሄድሽ ይላል..."

"ሰምቼዋለሁ" አሉ ልብስ ሰፊው፣ ሱሪያቸውን እያራገፉ። "ደንቆሮ አይደለሁም።"

እትዬ አዋላጅ አንዴ ባላቸውን፣ አንዴ ወንድማቸውን አዩ።

ሰፈሩ ግን እትዬ አዋላጅ ሊያስታርቋቸው ሆን ብለው ነው የቆለፉባቸው ብሎ ደመደመ። ጎረቤት ሲጠይቃቸው "እኔ አናጢ እንጂ አስታራቂ ነኝ እንዴ?" ይላሉ፤ ፊታቸው ግን የሚያስጠረጥር ነገር አያጣም። ሹፌሩ በሳምንቱ ልብስ ሰፊውን በመኪናው ወስዶ መነጽር አስገዛቸው። ዕርቅ ሲባል ጭቅጭቅ ቀረ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አሁን ፊት ለፊት ስለሆነ ድምፁ ጨምሯል።

በአራሷ ቤተሰብ ልመና እትዬ አዋላጅ ለሕፃኗ አልጋ ሲሠሩ፣ ሁለቱም አጠገባቸው ቆመው ነበር።

"ይሄኛው እግር አጠረ" አሉ ልብስ ሰፊው፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው።

"መሬቱ ነው ጎርበጥ ያለው፣ ጋሼ።"

"በሜትር ለክቼዋለሁ!"

"እርስዎ ለኩት? እንግዲያውስ እንደገና እንለካው!"

እትዬ አዋላጅ መጋዛቸውን አስቀመጡና "ሁለታችሁም ያዙልኝ፣ በአፋችሁ ሳይሆን በእጃችሁ" አሏቸው። ያዙላቸው።