ፖለቲካ የሌለበት የሕይወት ታሪክ

በእኛ ሰዎች ዘንድ ሰው ሲሞት ለእኔ ይደወላል። ቄስም ሐኪምም አይደለሁም። አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ታኮማ በምትባል ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የታካሚ አልጋና ዊልቸር እጠግናለሁ፤ ሙያውን ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት። መጻፍንም እንዲሁ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ለብቻዬ ተማርኩ። አንድ ቃል ያለቦታው ከገባ እንቅልፍ ስለሚነሳኝ፣ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ጽሑፉ ለቅሶው አዳራሽ ውስጥ ይነበባል፤ ይለቀሳል፤ ከዚያ ምሳ ይቀርባል።

የአገሬን ስም አልጠራም። በአውሮፓውያን ቅኝ ተገዝታ የኖረች ትንሽ አገር ናት። ወላጆቻችን አዲስ አበባ ኖረው የተመለሱ ስለሆኑ ግን ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ለቅሷችንም በአማርኛ ነው።

ስለ ነጻነታችን ክፉ መናገር አልፈልግም። ቅኝ ገዢው ሲሄድ ቪላዎቹን ትቶ ሄደ፤ ነጻ አውጪዎቻችን ሜዳ ላይ እንዳያድሩ ገቡባቸው። እስር ቤቱንም ትቶ ሄደ። መንግሥታችን በሕዝብ ገንዘብ አይቀልድምና አሮጌውን ቀለም ቀብቶ፣ በሩ ላይ የነበረውን ጽሑፍ በገዛ ቋንቋችን አስጻፈው። አያቶቻችን ለባዕድ ያለ ደሞዝ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ የሚፈልጡት ለገዛ ጄኔራላቸው ነው፤ አሁንም ያለ ደሞዝ፣ ግን በዘፈን።

አዳራሻችን ለለቅሶም ለጭፈራም አንድ ነው። በነጻነት በዓል ቀን ራስን ስለመቻል ንግግር የሚያደርጉት የእኛ የስደተኞች ማኅበር ሊቀመንበር አገራቸውን እጅግ ስለሚወዱ ልጆቻቸውን ይዘው ሲያትል ይኖራሉ። አገር ቤት ደርሶ መምጣት የሚፈልግ ሰው ፈቃድ የሚያገኘውም በእሳቸው በኩል ነው። በወረቀት የተሰጣቸው ሥልጣን የለም። ስልክ ብቻ ይደውላሉ።

ባለፈው ዓመት ሲያትል ቢከን ሂል ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ሴት ጠሩኝ። እትዬ ነው የምላቸው። ወንድማቸው አገር ቤት ሞቶ ነበር። ወንድማቸው ተማሪ ሳለ ለነጻነት ጫካ የገባ፣ ከነጻነት በኋላ መምህር የሆነ ሰው ነው። አንድ ቀን በመምህራን ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ። የሲሚንቶ ፋብሪካው ትርፍ የት ይገባል? ፋብሪካውን የሠሩት ወጣቶችስ ደሞዝ የሚያገኙት መቼ ነው? መልሱን ሊነግሩት ይዘውት ሄዱ። መልሱ ረጅም ስለነበር ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ፤ ሰውየው ሳይጨርሰው ሞተ።

እትዬ አገር ቤት የቀረቻቸው አንዲት ታናሽ እህት ናት። ለቅሶው እዚህ እንደተጠናቀቀ ሄደው አብረዋት ሊቀመጡ ትኬት ቆርጠዋል። የቀረው ፈቃዱ ነው።

ሊቀመንበሩ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወሉ።

«ወንድሜ፣ ሶ፣ ያንን ታሪክ ስትጨርስ ላክልኝ፤ እኔ ነኝ የማነበው። ፖለቲካ እንዳይገባበት ብቻ።»

«ፖለቲካ የሚባለው የቱ ነው?»

«እስር ቤት ምናምን የሚል ነገር።»

«እዚያ የነበሩባቸውን ዓመታት ምን ልበላቸው?»

«ከማኅበራዊ ሕይወት ራቅ ብለው ነበር በል።»

«ማን አራቃቸው?»

«አየህ? እሱ ነው ፖለቲካ።» ሳቁ። «ለእሷ ብዬ ነው የምልህ። ፈቃዷ ገና እጄ ላይ ነው፣ ኦኬ?»

ለሟች ሲባል ማሳመር ያለ ነገር ነው፣ አልጠላውም። ሦስት ሚስት ስለፈታ ሰው «ትዳር አክባሪ ነበር» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ፤ ሦስቱም ሚስቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው አልቅሰዋል። አንድን ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ራቅ ማድረግ ግን ለእኔም ከበደኝ። የሊቀመንበሩን ቃል ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ።

«ራቅ ብሎ ነበር በል አለ?» አሉ እትዬ። «ዓሣ ሊያጠምድ?»

«ፈቃዱን ይከለክሉዎታል፣ እትዬ።»

«እስር ቤት አትበል እንግዲህ። እህቴ ልብስ ታመላልስለት ነበር፤ እሱን ጻፍ።»

ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በአገራችን እንደ እሳቸው ወንድም የተወሰደ ሰው አይጠየቅም፤ የት እንዳለም አይነገርም። ቤተሰቡ በተወሰነ ቀን ንጹሕ ልብስ በር ላይ ያደርሳል፤ ዘበኛው የቆሸሸውን ያወጣለታል። የቆሸሸ ልብስ እስከወጣ ድረስ ሰውየው አለ። አንድ ቀን ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጪ» ይላል። መርዶ የሚባለው ያ ነው። ሌላ አይመጣም፤ ሬሳም ቢሆን።

«በየስንት ጊዜው ነበር?» አልኳቸው።

«በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ።»

«ሸሚዝ ነው ወይስ ካናቴራ?»

«አንተ ልጅ፣ ልትሰፋ ነው እንዴ?» ቆጣ አሉ። ከዚያ ግን መለሱልኝ፦ «ሸሚዝ። አንገቱ ሰፊ፣ ቁልፉ የወለቀ። ቁልፍ አያስገቡም።»

ጻፍኩት። እስር ቤት የሚል ቃል የለበትም፤ መንግሥት የሚልም የለበትም። «ታናሽ እህቱ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ፣ ቁልፍ የሌለው ንጹሕ ሸሚዝ ታደርስለት ነበር፤ አንድ ሐሙስ፣ ከእንግዲህ አታምጪ ተባለች።» ለሊቀመንበሩ ስልክም «ፖለቲካ የለበትም» ብዬ ላክሁት። ያው ሥራ በዝቶባቸው ይሁን በእኔ ተማምነው፣ አስቀድመው ያነበቡት አይመስለኝም።

በለቅሶው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ባንዲራው ሥር ቆመው በዚያ የበዓል ድምፃቸው አነበቡ። ልጅነቱን፣ ጫካ መግባቱን፣ መምህርነቱን አለፉ። ከዚያ ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወረቀቱን ትንሽ ራቅ አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ደግና ሰው ወዳድ የነበረው ወንድማችን…» ብለው ወደ መጨረሻው ተሻገሩ።

እትዬ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። አልተነሱም።

«አንድ መስመር ዘለልክ» አሉ።

«እትዬ፣ እንጨርስና…»

«ተመለስ። ሐሙስ ከሚለው።»

«ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ ለማን እንደሆነ። ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ፣ የሚቀርብኝም እኔ። አንብበው።»

ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ማይክሮፎኑ የሊቀመንበሩን ትንፋሽ ሳይቀር ያሰማል። አነበቡት፤ ቀስ ብለው፣ በዓል በሌለው ድምፅ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ከኋላ ጮኸች። ከዚያ ከወዲያ ጥግ ሌላዋ። በየዓመቱ ጭፈራውን የሚመራው ሰውዬ ከጎኔ ነበር፤ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። «የእኔው ሰኞ ነበር» አለ፤ ለማን እንዳለው አላውቅም። ጽሑፉ ፖለቲካ ስላልነበረበት ማንም በፖለቲካ ምክንያት አላለቀሰም። ምሳው ግን ቀዘቀዘ።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ለእትዬ ኮል አደረጉ። ፈቃዱ ትንሽ ይጓተታል፣ ሲስተሙ ነው አሉ። እትዬም ሲስተሙን በደንብ እንደሚያውቁት ነገሯቸው። ትኬቱን በኢንተርኔት እንድመልስላቸው ጠርተውኝ ነበርና እህታቸው ጋ ሲደውሉ አጠገባቸው ነበርኩ።

«እንደምን አለሽ?» አለች እህትየው፤ የስልኩ ድምፅ ማጉያ ክፍት ነው። «አንተም የምታዳምጠው፣ እንደምን አለህ?»

ሰላምታው ለእኔ አልነበረም፤ እዚያ ስልኩን ጠልፎ ለሚያዳምጠው የመንግሥት ሰው ነው። እትዬ ሳቃቸው መጣ።

«ጠርተውኝ ነበር» ቀጠለች። «ሲያትል ላይ ስማችንን የሚያጎድፍ ነገር የተነበበው በማን ነው አሉኝ።»

«ውይ! ምን አልሽ?»

«በራሳችሁ ሰው አልኳቸው። ሊቀመንበራችሁ፣ በማይክ።»

«እነሱስ?»

«ተያዩ። ከዚያ ሂጂ አሉኝ። ሊቀመንበሩን ግን አገሩን ለማየት ካሰበ ይቆይ በይው።»

እትዬ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀ።

«አትመጪም ማለት ነው» አለች እህትየው።

«አልመጣም።»

«ያንን መስመር ባታስነብቢ ትመጪ ነበር?»

«እመጣ ነበር።»

እህትየው አፍንጫዋን ጠረገች።

«እንግዲያው አንብቢልኝ» አለች። «ሁሉም ሰምቶ እኔ ብቻ አልሰማሁትም።»

እትዬ መነጽራቸውን ፈልገው አጡትና ስልኩን ወደ እኔ ገፉት። ሰው ፊት አንብቤ አላውቅም። ከልጅነቱ ጀመርኩ። ሐሙስ የሚለው ጋ ስደርስ እህትየው «ቀስ በል» አለችኝ፤ ቀስ አልኩ። በዚያ ጫፍ የሚያዳምጠው ሰው፣ እስክጨርስ ድረስ መስመሩን አልቆረጠብንም።