ያልተቀመሰው እሸት

መካነ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ሴቶች በከሰል የሚጠብሱት የበቆሎ እሸት ሲሸተኝ እንደ ሰው ምራቄ አይመጣም፤ ሆዴ ይባባል። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩን ቲቸር ስንዱ ትዝ ይሉኛል።

የሰማያዊ ጋውናቸው እጅጌ በጠመኔ ነጥቷል። ስለ ወባ ያስተማሩን ዕለት ትንኝ በብልቃጥ ይዘው መጡ። «ወባን የሚያስተላልፈው ምንድን ነው?» ሲሉን ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ «የወባ ትንኝ!» አልን። በየቤታችን ግን ወባ የሚይዘው ቆላ ወርዶ እሸት የበላ ሰው ነው። ይህን ለቲቸር ማን ደፍሮ ይነግራል? ያስቃል። ስለዚህ ትንኟን ለፈተና፣ እሸቱን ለኑሮ ያዝናቸው።

አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የሚቀመጠው ከድር ፈተናውን ደፈነው። ክረምቱን አጎቱን በአረም ሊያግዝ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። መስከረም ላይ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ወባ ጣለው፤ በቃሬዛ ሲያወጡት መንገድ ላይ ሞተ።

ከቲቸር ጋር ለቅሶ ሄድን። አባቱ ከድንኳኑ ጥግ ተነስተው መጡ።

«ወላሂ መምህርት፣ እሸት እንዳይነካ አስምዬ ነው የሰደድኩት። አንዲት ፍሬ አልቀመሰም አሉኝ። ታዲያ ከየት መጣበት?»

«አጎበርስ ነበረው፣ አባቴ?»

«ነበረው። ይሞቃል ብሎ ውጭ ነው አሉ የሚተኛው።»

ቲቸር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

በማግስቱ ስምንተኛ ክፍላችን ሲገቡ መጽሐፍ አልገለጡም። «አልቆጣም፤ እውነቱን ንገሩኝ። ወባ ከምን ይመጣል?» አሉን። ከኋላ አንዲት ልጅ «ከእሸት» አለች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ እኔ።

«ከድርም እንዲህ ነበር የሚያምነው?»

«አዎ ቲቸር፤ ሁላችንም።»

ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ለአፍ ዳገት የለውም፤ እኔም አፋችሁን ብቻ ነው ያስተማርኩት» ብለው አለቀሱ። እንባቸውን ጠርገው እሸቱ የሚደርሰው ትንኟ በምትራባበት ወቅት እንደሆነ፣ ወላጆቻችን ሁለቱን አብረው አይተው የማትታየዋን ትተው የሚበላውን እንደከሰሱ ቀስ ብለው አስረዱን። ያን ቀን ገባን። የከድር ቦታ አጠገቤ ባዶውን ነበር፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቲቸር በዓመቱ ተዛውረው ሄዱ፤ የት እንዳሉ አላውቅም። ልጄ የተማረችውን በቃሏ ስትወጣልኝ ግን፣ ጎበዝ ከማለቴ በፊት «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» እላታለሁ። አንዳንዴ ቀና ብላ ታየኝና ዝም ትላለች። ያን ጊዜ እፈራለሁ።