ጽዋው ያልወጣበት ቤት

እርጥብ ልስን ሲሸተኝ ሥራዬን እረሳለሁ። እንጀራዬ ደግሞ ከዚሁ ሽታ ጋር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ገና ሳይደርቅ ደንበኛ ይዤ የምወጣ የአፓርታማ ሻጭ ነኝ። ባለፈው ሰሞን አንድ ባልና ሚስት አስከትዬ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሳሳይ፣ ሊፍቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ቀንም ሌትም የማይለየውን ጥበቃ፣ የማይቋረጠውን ውኃ እንደ ዳዊት ስደግም፣ ሚስትየው ድንገት «ጎረቤቶቹስ እንዴት ያሉ ናቸው?» አለችኝ። ልመልስ ስል ሠራተኞቹ በኮሪደሩ በኩል ግድግዳ እየለሰኑ ኖሮ ሽታው መጣ። ሲሚንቶ መሆኑን አውቃለሁ፣ ጭድም እበትም የለበትም፤ እኔን የወሰደኝ ግን ቢቸና ነው፣ እናቴ ግድግዳ የመረገችበት መስከረም።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ ከቢቸናና ከሞጣ ጤፍ ጭኖ፣ በደጀን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ያራግፍ ነበር፣ ሲመለስም ለእኔ ብስኩት፣ ለእናቴ ሳሙና ይዞ ይመጣ ነበር። በዚያ ክረምት ግን የሚያብለጨልጭ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ አንጋጠው የሚያዩት ረጅም ፎቅ አለ፣ ከሥሩ ለብሰው ያማረባቸው ሰዎች ቆመው ይስቃሉ። አባቴ ጣቱን በመስኮቶቹ ላይ እያስኬደ ከመሐል አንዱ ላይ አቆመና «ይኼ የኛ ነው፣ የሻረግ፤ ባለ ሁለት መኝታ» አላት። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፣ ገልብጣም ጀርባውን አየች። «ጀርባው ባዶ ነው» ብላ መለሰችለት።

ፎቁን ለመግዛት ቢቸና ያለው ቤታችን መሸጥ ነበረበት። ቤቱ ደግሞ የእናቴ አባት የሠሩት፣ እሷ ተወልዳ ያደገችበት፣ እኔንም የወለደችበት ነው።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነፍሱ ታዝንብኛለች። ውኃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው፣ ሲጠፋ እናቴ ከቦኖ በጀሪካን ትሸከም ነበር፣ ወገቧን ካመማት ደግሞ ቆይቶ ነበርና ጎንበስ ባለች ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች። እሱ ያን አይቶ እንዳላየ ማለፍ አልሆነለትም። «እዚያ እኮ ውኃው ግድግዳ ውስጥ ነው ያለው፣ ጎንበስ አትይም» ይላት ነበር። እሷ ተነሥታ ሌላ ሥራ ትይዛለች። እኛ ቤት ጭቅጭቅ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ዝምታ ነበር፤ ያ ዝምታ ከጭቅጭቅ የከፋ ስለነበር እኔ ማንኪያ እንኳ ድምፅ እንዳያሰማብኝ እየተጠነቀቅሁ እበላ ነበር።

መስከረም ጠባ። ዝናብ የላጠውን ግድግዳ ለመስቀል መምረግ በእኛ ሰፈር ደንብ ነው፣ ጎረቤት ይጠራራና ጭቃውን ይረግጣል፣ ልጆች እስከ ጉልበታችን ተነክረን እንጨፍር ነበር። ያን ዓመት አባቴ «ለሚሸጥ ቤት ምን ጭቃ ይቦካል?» አለ። እናቴም ጭዱንና እበቱን ከጭቃው ጋር አቡክታ፣ ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አሥራ፣ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ጀመረች። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየና መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ይህን በአጥር ስታይ ኖሮ ገባች፣ እጅጌዋን ሰብስባ አብራት መምረግ ያዘች። ያን ሁሉ ግድግዳ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ጨረሱት። እኔ አባቴ በዚያው የሚቀር መስሎኝ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እሮጥ ነበር።

በጥቅምት ገዢው መጡ። ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የሞጣ ነጋዴ ነበሩ፤ አባቴ ጭነታቸውን ሲያመላልስ ዓመታት ያስቆጠረ ስለሆነ ይዋደዱ ነበር፣ ልጃቸው ቢቸና ሱቅ ሊከፍት ስለነበር ለእሱ መኖሪያ ይፈልጉ ነበር። ቤቱን ዞረው አዩ፣ ግድግዳውን በጣታቸው ነካ አደረጉና «ይኼ በቅርብ የተመረገ ነው» አሉ።

«ለመስቀል ነው» አለች እናቴ።

«ለሚሸጥ ቤት?»

«ለሚኖርበት ሰው» አለቻቸው።

ሐጂ አባቴን አዩት፣ አባቴ መሬት መሬት አየ። ቢሆንም ተስማሙ። የአዲስ አበባው ፎቅ ሻጭ «ቤቷን ይዤ የምጠብቅህ እስከ ኅዳር ማለቂያ ነው» ብሎት ስለነበር አባቴ እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሰፈራችን የሚካኤል ማኅበር የኅዳሩ ተራ የእኛ ነበር፣ የማኅበሩ ጽዋም ከጥቅምት ጀምሮ እኛ ቤት ተቀምጧል። ጽዋ የገባበት ቤት ደግሶ፣ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ሳያስረክብ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይህ የትም አልተጻፈም፣ ግን የሚደፍረው አልነበረም። አባቴም አሰላው፤ በሚካኤል ዕለት ጽዋው ይወጣል፣ በማግሥቱ ውል ይፈረማል፣ አለቀ።

ዕለቱ ደረሰ። ሐጂ ኑሩ ለማግሥቱ ውል ከሞጣ መጥተው ነበርና እናቴ ደጃፉ ላይ ጥላ ሥር ወንበር አውጥታላቸው፣ ለስላሳ ቀርቦላቸው ተቀምጠዋል። ከውስጥ ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፣ ጠላው ተጠጣ፣ ጨዋታው ግን እንደ ወትሮው አልደራም፣ ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። መጨረሻ ላይ የማኅበሩ ካህን ቄስ ምናሉ ሸማ የለበሰውን ጽዋ ታቅፈው ተነሡና «ተረኛ ይቅረብ» አሉ።

ተረኛዋ እትዬ ጥሩዬ ነበረች። አልተነሣችም።

«አባቴ ይፍቱኝ» አለች። «የኔ ግድግዳ ፈርሷል፣ ዘንድሮ አልመረግሁም፤ ሚካኤልን በፈረሰ ቤት አላስገባም።»

ቄስ ምናሉ ከእሷ ወደሚቀጥለው ወደ አናጢው አቶ ልየው ዞሩ። አቶ ልየው ልጃቸው አራስ ሆና እሳቸው ቤት እንደተኛች፣ ቤቱም እንደጠበበ ተናገሩ። ከእሳቸው የሚቀጥለው መንገድ አለብኝ አለ፣ የሚቀጥለዋ ጌሾ አልደረሰልኝም አለች። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚናገረው። ቄስ ምናሉ ሽማግሌ ናቸው፣ የታቀፉትን ከክንድ ወደ ክንድ ያዛውሩ ጀመር፣ ጽዋው ደግሞ መሬት አይቀመጥም።

አባቴ ብድግ አለ። «ተማክራችሁብኝ ነው!»

«ማን ይመክርብሃል፣ ጌታሁን» አሉ አቶ ልየው፣ ቀና ሳይሉ። «ሁሉም የየራሱ ችግር አለበት።»

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነው» አለች።

ፊቱ ደም መሰለ። እኔ ከበሩ ሥር ተወሽቄ አሁን ጽዋውን ይመታዋል፣ ወይ እናቴን ይመታታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ መትቷት አያውቅም፣ ግን እንደዚያ ሆኖም አያውቅም። ዓይኔን ስከፍት ሐጂ ኑሩ ከወንበራቸው ተነሥተው ደፉ ላይ ቆመዋል።

«ጌታሁን» አሉት ረጋ ብለው፤ «እኔ ልጄን የማሳድርበት ቤት ነው የፈለግሁት። ጎረቤት ያልሸጠልኝን ቤት አንተ ብትሸጥልኝ ምን ይረባኛል? ልጄ ነገ ቢታመም የማንን በር ያንኳኳል?» ከዚያ ወደ ቄስ ምናሉ አመለከቱ። «በል ተቀበላቸው፣ ሽማግሌው ደከሙ።»

አባቴ ወደ ማኅበርተኞቹ ዞረ። አንድ በአንድ አያቸው፣ እትዬ ጥሩዬን ሲያይ እሷ ማልቀስ ጀምራለች። ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ነጠላውን አጣፋ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከገዛ ቤቱ የሚወጣውን ጽዋ ራሱ ተቀበለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ እልል አላለችም፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፣ ተከትያት ስገባ ግድግዳውን ተደግፋ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍናለች።

ቤት ለቤት እየዞረች ለምናቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ስጠይቃት «ሚካኤል ያውቃል» ትለኛለች። አባቴ ለብዙ ጊዜ አኩርፎ ከረመ፣ በበጋው ግን ከአዲስ አበባ ሲመለስ አይሱዙው ላይ ትልቅ ጥቁር የውኃ ታንከር ጭኖ መጣ። አቶ ልየው ቆጡን ሠሩለት፣ ታንከሩን ማድቤቱ ጎን ሰቀሉት፣ ቧንቧውንም አባቴ በእናቴ ደረት ልክ አደረገው። «እንግዲህ ጎንበስ አትይም» አላት። ውኃ በመጣ ቁጥር ተነሥቶ የሚሞላው እሱ ነበር፣ እስኪያርፍ ድረስ።

አሁን እኔ እንደዚያ ወረቀት ባለ ፎቅ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለኝ። ሁለተኛው መኝታ የእናቴ ነው፣ የፍራሹ ላስቲክ ግን ገና አልተነሣም፤ ነይ ባልኳት ቁጥር «ምን ላድርግ ልጄ፣ ጽዋ ተቀብያለሁ» ትለኛለች። ተራዋ እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሚደርሳት እኔም አልጠይቃት፣ እሷም አትነግረኝ።

ያችን ሚስት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብዙ አላስጠበቅኋትም። ሁልጊዜ የምለውን አልኳት፤ «ጎረቤት አይረብሽዎትም፣ ማን እንዳለም አያውቁም።» ደስ አላት። እኔም ማታ ቤቴ ገብቼ ኮሪደሩ ላይ የተዘጉትን በሮች አየኋቸው። ነገ ቤቴን ሸጬ ልውጣ ብል፣ ከእነዚያ በሮች ጀርባ ጽዋ አልቀበልም ብሎ የሚያስቀረኝ ሰው የለም።