ሠላሳ መጠይቅ፣ አንድ መልስ

ከሶዶ የወጣሁ ቀን አክስቴ ማርታ ከገሱባ ድረስ መጥታ መናኸሪያ ሸኘችኝ። አንድ ጠርሙስ ዳጣ፣ ከቃሪያ የተፈጨውን፣ አስታቀፈችኝና በስሜ ጓሮዋ ውስጥ እንሰት እንደተከለች ነገረችኝ። ዶክተር ሆነህ ስትመለስ እንበላዋለን አለችኝ። ማስተርስ ነው ብላትም አልሰማችኝም። ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ጀርመን ስገባ መጀመሪያ የተቸገርኩት በዳጣው ነው። አከራዬ፣ ጡረታ የወጡ ሰውዬ፣ ፍሪጁን ከፍተው ይሄ አረንጓዴ ነገር የላቦራቶሪ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የሚበላ ነው ስላቸው፣ ለማንኛውም ስምህን ጻፍበት አሉኝ። ብርዱን ተዉት፤ የእኛ ሐምሌ እዚህ ቢመጣ ሰው ቲሸርት ለብሶ ይወጣል።

የማጠናው እንሰትን አጠውልጎ የሚያበሰብሰውን በሽታ ነው። የገሱባ እናቶች ስንት እንደታመመባቸው መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ መሄድ ስላልቻልኩ መጠይቁን ለአክስቴ ልጅ ለብርሃኔ በቴሌግራም ላክሁላት፤ አስተማሪ ናት። አክስቴ ሴቶቹን ሰበሰበች፣ ብርሃኔ እየጠየቀች ሞላች።

መልሱ ሲመጣ ሠላሳዎቹም ሴቶች «ጓሮዬ ውስጥ የታመመ እንሰት የለም» ብለዋል። የምታማክረኝ ፕሮፌሰር ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገልጣ አየችና «ራስህ ነህ የሞላኸው?» አለችኝ። ድምጿ እንኳ ክፉ አልነበረም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላስረዳሁ ነገሩ ለፋኩልቲው ይሄዳል፣ ትምህርቱም ቪዛውም ያበቃል። የዚያኑ ቀን አክስቴ ጋ ደወልኩ።

እሷ እቴ፣ ምንም አልደነገጠችም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሴቶቹ በረንዳዋ ላይ ተቀምጠው ሁሉም አንድ መልስ እንዲሰጡ እንደተስማሙ ነገረችኝ።

«ሳጥን ያለበት ወረቀት ፈተና ነው። አንዷ እንዲህ፣ ሌላዋ እንዲያ ካለች አንተን ይጥሉሃል ብለን ነው» አለች። «ስንት አገኘን?»

መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ሠላሳ እናቶች ለእኔ ብለው ነው የተጨነቁት። ፈተና እንዳልሆነ፣ የሚፈለገው የየቤቱ እውነት ብቻ እንደሆነ፣ አለበለዚያ እኔ እንደምባረር አስረዳኋት። ብርሃኔ ቤት ለቤት ዞራ እያንዳንዷን ለብቻ እንድትጠይቅ ተስማማን።

«እንግዲያው ከእኔ ጀምር» አለች አክስቴ። «ጓሮዬ ውስጥ አንድም አልተረፈም። ያንተም ሞቷል።»

በደወልኩ ቁጥር እንሰትህ ጣሪያ ሊነካ ነው ስትለኝ ነበር የከረመችው። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ታዲያ ምን እየበላችሁ ነው?» አልኳት። መጠይቁ ላይ የሌለ ጥያቄ ነው።

ገበያ አለ አይደል፣ ቦዬን የመሰለ ሥራ ሥርም አለ አለች፤ አንቺስ ስላት፣ እሷ ራሷ እራት መብላት ከተወች መቆየቷን ነገረችኝ።

«ይሄኛውን ግን አትጻፈው» አለችኝ።